የቺካሶ ቤተሰብን የዘር ሐረግ ሲፈልጉ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቺካሶዎች ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ ናቸው። የጥንት አገራቸው ሰሜን ሚሲሲፒ፣ ሰሜን ምዕራብ አላባማና ምዕራብ ቴነሲ ነበር። ከ1837 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ዛሬ ኦክላሆማ ወደሚባለው ምድር ተፈናቀሉ፤ የመንግሥታቸው መቀመጫም እዚያው ኤዳ ከተማ ነው። የቅድመ አያቱን ዱካ የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው ሰነድ አጥቶ አይደለም፤ የተሳሳተ ግምት ይዞ ስለሚነሳ ነው።

«የዲኤንኤ ምርመራ ቺካሶ መሆኔን ይነግረኛል»

አይነግርም። ምርመራው ከነባር ሕዝቦች የመጣ ዘር እንዳለ ሊጠቁም ይችላል፤ ቺካሶን ከሌሎች ነባር ሕዝቦች፣ ከቾክቶ ወይም ከቼሮኪ፣ ግን አይለይም። ዜግነትም በምራቅ አይገኝም።

«ዜጋ ለመሆን ቢያንስ ሩብ ደም ያስፈልጋል»

የቺካሶ መንግሥት ዝቅተኛ የደም መጠን አይጠይቅም። የሚጠይቀው በዶዝ መዝገብ በቺካሶ ደም ከተመዘገበ ሰው መወለድን በሰነድ ማሳየት ነው። መዝገቡን ያዘጋጀው በ1893 የተቋቋመ የአሜሪካ መንግሥት ኮሚሽን ሲሆን፣ ዓላማውም የወል መሬትን ለግለሰቦች ማከፋፈል ነበር። የደም ክፍልፋዩን ጸሐፊዎች የሞሉት በቃል ምስክርነት፣ አንዳንዴም መልክ አይተው ነው። የአንድ እናትና አባት ልጆች የተለያየ ክፍልፋይ የተጻፈላቸው ለዚህ ነው። በዚህ ቁጥር የሚኩራሩም ሆነ የሚያፍሩ አሉ፤ እኔ ለሁለቱም ምክንያት አይታየኝም።

«የአባትን ስም ተከትሎ ወደ ላይ መውጣት ነው»

ትውልድን በአባት ለምንቆጥር ለእኛ ይህ ያለ ጥያቄ የሚታለፍ ነገር ይመስላል። በቺካሶ ባህል ግን ጎሳ የሚወረሰው ከእናት ነው፤ በልጁ አስተዳደግም ከአባቱ ይልቅ የአጎቱ፣ የእናቱ ወንድም፣ ቃል ይበልጥ ይሰማ ነበር። የኮልበርት ቤተሰብን እንይ። ጄምስ ሎጋን ኮልበርት በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቺካሶ ሴቶችን ያገባ፣ ዘሩ ከስኮትላንድ የሆነ ነጋዴ ነበር። ልጆቹ ሌቪና ጆርጅ ትልቅ አለቆች የሆኑት የቺካሶ እናቶች ልጆች በመሆናቸው ነው። «ኮልበርት» የሚለውን ስም ብቻ ይዞ የሚወጣ ሰው ከቺካሶ ምድር ወጥቶ ስኮትላንድ ይደርሳል።

«ከዶዝ መዝገብ በፊት የተጻፈ ነገር የለም»

አለ። የ1818 ስም ዝርዝር አለ፤ የ1847 የቤተሰብ ቆጠራ አለ። በ1830ዎቹ ስምምነቶች መሬት ለየቤተሰቡ ተደልድሎ ስለነበር የዚያ ሰነድ የአባወራዎችን ስም ይዟል። ቺካሶዎች ከተፈናቀሉ በኋላ በቾክቶዎች ምድር የመኖር መብት በ530,000 ዶላር ገዝተው እስከ 1855 በእነርሱ ሥር ስለኖሩ፣ የቾክቶን ሰነድም ማገላበጥ ያስፈልጋል።

«ስሙ ከተገኘ ነገሩ አለቀ»

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ስሙ በየትኛው ክፍል ሥር እንደሰፈረ ሳይታይ ምንም አልተገኘም። በደም የተመዘገቡ አሉ፤ በጋብቻ የገቡ ነጮች አሉ፤ ከባርነት ነጻ የወጡም አሉ። በጋብቻ ብቻ የገባ ሰው የቺካሶ ዘር አያወርስም።

በዶዝ መዝገብ እያንዳንዱ ቤተሰብ የተመዘገበበት ካርድ ራሱ ግን ሀብት ነው። በእያንዳንዱ ስም አንጻር ዕድሜ፣ ጾታና ዝምድና፣ ቀጥሎም የአባትና የእናት ስም ተጽፏል፤ ወላጁ ካረፈ «የሞተ» ይላል። ከአንድ ካርድ ሦስት ትውልድ የሚነበብበት ጊዜ አለ። ለሕፃናት ደግሞ የእናትየዋና የሐኪም ወይም የአዋላጅ ቃለ መሐላ ከማመልከቻው ጋር ይገኛል።

ቺካሶዎች ጥቁር ባሮች ነበሯቸው። ነጻ የወጡት ሰዎች ካርድ የደም ክፍልፋይ አይመዘግብም፤ አባታቸው ቺካሶ የነበሩትም የእናታቸውን ሁኔታ ተከትለው እዚያው ሰፍረዋል። በደም ለተመዘገበ ሰው 320 ኤከር ሲደርሰው ለእነርሱ 40 ኤከር ደረሳቸው። አባቷ የቺካሶ ዜጋ የነበረው ቤቲ ሊገን ከሌሎች ጋር በ1907 መዝገቡ እንዲታረም ከሰሰች፤ አልተሳካላትም። ልጅ ልጆቻቸው ዛሬም ዜጋ ተብለው አይቆጠሩም።

እነዚህ ካርዶች የቀድሞ ባለቤቱን ስም ይጠይቃሉ። የሚመር መረጃ ነው፤ ፍለጋውን ባርነት ካበቃበት ከ1866 በፊት የሚያሻግረው ግን ብዙ ጊዜ እርሱ ብቻ ነው። በ1860ው የባሪያዎች ቆጠራ ስም የተጻፈው የባለቤቶቹ ነው፤ የባሮቹ ዕድሜ፣ ጾታና የቆዳ ቀለም ያለ ስም ሰፍሯል። ስለዚህ የባለቤቱን ስም ከካርዱ ይዞ፣ ዕድሜን ከዕድሜ እያስተያዩ መፈለግ ነው።