የጥንት የሮም የብር ሳንቲሞችን መሰብሰብ

የጥንት የሮም ሳንቲሞችን መሰብሰብ በአውሮፓ ቢያንስ ከ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሚታወቅ የተከበረ ልማድ ነው። ጣሊያናዊው ባለቅኔ ፔትራርካ እ.ኤ.አ. በ1354 የቄሣሮች መልክ የተቀረጸባቸውን የወርቅና የብር ሳንቲሞች ለጀርመንና ለቦሄሚያ ንጉሥ ለቻርልስ 4ኛ ሲያበረክት፣ የእነርሱን አርአያ እንዲከተል አሳስቦታል።

የሰብሳቢዎች ዋነኛ ትኩረት የሮም ዋና የብር ሳንቲም የነበረው ዲናር ነው። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ የመጀመሪያው ዲናር በ269 ከክርስቶስ ልደት በፊት አካባቢ ተቀረጸ ቢልም፣ በሲሲሊ ደሴት በጥንታዊቷ የሞርጋንቲና ከተማ የተደረገው ቁፋሮ ጊዜው ከካርታጎው የጦር መሪ ከሐኒባል ጋር በተደረገው ጦርነት መካከል፣ በ211 ገደማ መሆኑን አረጋግጧል። ክብደቱ በመጀመሪያ 4.5 ግራም ያህል ነበር። በሪፐብሊኩ ዘመን ሳንቲም የማስቀረጽ ሥልጣን የተሰጣቸው ወጣት ሹማምንት የአባቶቻቸውን ገድል ያስቀርጹበት ስለነበር፣ እነዚህ ዲናሮች በእጅ የሚያዙ የታሪክ ሰነዶች ናቸው። ከገዳዮቹ አንዱ የሆነው ብሩተስ ከዩሊየስ ቄሣር ግድያ በኋላ ያስቀረጸው፣ በሁለት ጩቤዎች መካከል የነጻነት ቆብ የሚታይበት ዲናር ከሁሉም ይበልጥ ይፈለጋል። ዲናር ወደ እኛ ቀይ ባሕርም ደርሷል፤ በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈ የነጋዴዎች መመሪያ፣ በአዱሊስ ለሚኖሩ የውጭ ሰዎች ጥቂት ዲናር ይወሰድ እንደነበር ይናገራል።

በወንጌል የተጠቀሰው የግብር ዲናር የጢባርዮስ ነው የሚለው አስተያየት ሰፊ ተቀባይነት አለው። በአንድ ገጹ የሎረል አክሊል የደፋው ቄሣር፣ በሌላው ደግሞ በትርና ቅርንጫፍ ይዛ የተቀመጠች ሴት ትታያለች፤ ሴቲቱን ብዙዎች እናቱ ሊቪያ ናት ይላሉ። በኢየሩሳሌም አካባቢ የዚህ ዓይነት ሳንቲም እምብዛም ባለመገኘቱ ጉዳዩ አላለቀም፤ ሆኖም ስሙ ብቻውን ዋጋውን ከፍ አድርጎታል።

ንጉሠ ነገሥት ኔሮ እ.ኤ.አ. በ64 የዲናርን ክብደትና ጥራት ከቀነሰ በኋላ ብሩ እየመነመነ ሄዶ፣ በ270 አካባቢ ለስም ያህል ብቻ ቀርቷል።

ሐሰተኛ ሳንቲም እንደ ልማዱ ሁሉ ጥንታዊ ነው። ሮማውያን ራሳቸው መዳብ በስስ ብር ለብጠው ያታልሉ ስለነበር፣ ጠንቃቃ ገዢ የሳንቲሙን ጠርዝ በማጉያ መነጽር እየመረመረ መዳብ ብቅ ያለበትን ቦታ ይፈልጋል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀርመናዊው ካርል ቤከር አዲስ የመታቸውን ሳንቲሞች የብረት ብናኝ በያዘ ሣጥን ከሠረገላው ሥር አስሮ በመንገድ እያንገላታ ያስረጃቸው እንደነበር ይነገራል።

ከሁሉም በላይ የሚመዝነው የሳንቲሙ አመጣጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 በእንግሊዝ ሆክስን አካባቢ የተገኘው ክምችት፣ አግኚው ሁሉንም ቆፍሮ ከማውጣት ይልቅ በማሳወቁ፣ አብዛኞቹ ብር የሆኑት 14,865 ሳንቲሞች በሣጥን እንደተቀመጡ በባለሙያ ተጠንተዋል። በሌሊት ተቆፍሮ የሚሸጥ ሳንቲም ግን ይህን ሁሉ እውቀት ያጠፋል። ስለዚህ ኃላፊነት የሚሰማው ሰብሳቢ ሳንቲሙ ሕገወጥ የቅርስ ዝውውርን ለመከላከል እ.ኤ.አ. በ1970 ከተደረገው የዩኔስኮ ስምምነት በፊት ከአገሩ መውጣቱን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠይቃል። እያንዳንዱ ሳንቲም በእጅ የተመታ በመሆኑ የጠርዙ ቅርጽ ከሌላው ስለሚለይ፣ በቆየ የጨረታ መዝገብ ላይ የታተመ ፎቶግራፍ ለዚህ በቂ ማስረጃ ሊሆን ይችላል።