የብረት ድካም ምንድን ነው?

ከመተማ ሰሊጥ ጭኖ የሚመጣ መኪና አዘዞ ሳይደርስ ባሌስትራው (ጭነቱን የሚሸከሙት የተደራረቡ የብረት ሉሆች) ሲሰበር ምክንያቱ ቶሎ ይገኝለታል፤ «ብረቱ አርጅቶ ደከመ» ይባላል። ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ በሬዲዮ «ለዓመታት ጭነት ሲሸከም ውስጡ ተለውጦ ደረቀ» ሲሉ ሰማሁ። ይህን አባባል ስንቴ እንደሰማሁት! አሁንስ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ጭነቱን እንደያዘ መኪናውን ለዓመታት አቁሙት። ባሌስትራውን ዝገት ይበላው ይሆናል እንጂ በድካም አይሰበርም። ድካም የሚመጣው ጭነቱ ሲመላለስ ነው። ጎማው ጉድጓድ ገብቶ በወጣ ቁጥር ብረቱ ይተጣጠፋል፣ ይመለሳል። እያንዳንዱ መተጣጠፍ ብረቱ ከሚችለው በታች ስለሆነ የሚታይ ጉብጠት አይተውም። ሆኖም ኃይሉ በሚጠራቀምበት አንድ ቦታ፣ ሉሆቹን በሚያስረው የመሃል ቡሎን ቀዳዳ ጠርዝ ወይም ዝገት በቦረቦረው ነጥብ፣ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ይጀምራል። ከዚያ በየምልልሱ በጥቂቱ ይረዝማል። የቀረው ደህና ብረት ጭነቱን መቻል ሲያቅተው በአንድ ጊዜ ቀጭ ይላል።

«ደረቀ» የሚለው ግምት አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1842 በፈረንሳይ ቬርሳይ አካባቢ የባቡር አክስል (ጎማዎቹን የሚያገናኘው ዘንግ) ተሰብሮ ብዙ ሰው ሲያልቅ፣ የስብራቱ ፊት የሚያብለጨልጭ ፍርክስክስ ስለነበረ ብረቱ በንዝረት ወደ ክሪስታል ተለውጧል የሚል እምነት ተስፋፋ። ብረት ግን ቀልጦ ከረጋበት ጊዜ ጀምሮ ክሪስታል፣ ማለትም አተሞቹ በሥርዓት የተደረደሩበት ነው! ስኮትላንዳዊው መሐንዲስ ራንኪን ወዲያው በ1843 ስንጥቁ ከአክስሉ ትከሻ፣ ማለትም ውፍረቱ በድንገት ከሚቀንስበት ጥግ እየሰፋ እንደሚሄድ አሳየ። ጀርመናዊው መሐንዲስ ቮለር ደግሞ አክስሎችን ደጋግሞ እየጫነ ሞክሮ፣ የሚወስነው የጭነቱ መለዋወጥ መጠንና የምልልሱ ብዛት እንደሆነ አረጋገጠ።

ማስረጃውን የሚፈልግ ሰው የተሰበረውን ፊት ያገላብጥ። ከስንጥቁ መነሻ ዙሪያ ለስላሳ ክፍል አለ፤ ብዙ ጊዜም እንደ ባሕር ዳርቻ ማዕበል የተደረደሩ ቅስት መስመሮች ይታዩበታል፤ ዝገትም ይዞት ሊሆን ይችላል። ዝገቱ ስንጥቁ ቀደም ብሎ እንደነበረ ይመሰክራል። ሌላኛው ክፍል ሻካራና አዲስ ነው፤ የመጨረሻው ቅጽበት ስብራት እሱ ነው። ለስላሳው ሰፊ፣ ሻካራው ጠባብ ከሆነ በዚያ ቀን የነበረው ጭነት ብዙም አልነበረም ማለት ነው። ሾፌሩን «ከልክ በላይ ጭነህ ነው» ብሎ ከመውቀስ በፊት ይህን ማየት ይገባል።

የዱቤ ደብተር አስቡ። እያንዳንዱ ጉድጓድ አንድ መስመር ያስጽፋል፤ መኪናው ቢያርፍ ዕዳው አይሰረዝም። ትልቅ ጉድጓድ የሚያስጽፈው ደግሞ ከመጠኑ በላይ ነው፤ በተበየደ ብረት ላይ የሚለዋወጠው ጭነት እጥፍ ሲሆን ዕድሜው ወደ አንድ ስምንተኛ ገደማ ይወርዳል። ባለሱቁ ብረት ሲሆን ጥቃቅኗን ዕዳ ይተዋታል፤ ከተወሰነ ወሰን በታች ያለ ጭነት ቢመላለስም ስንጥቅ አያሳድግም። አሉሚኒየም ግን እንዲህ ያለ ግልጽ ወሰን የለውም፣ ሳንቲሟንም ይመዘግባል። ብረቱም ቢሆን የክረምት ጭቃና ዝገት ሲያገኘው ያንን ቸርነት ያጣል። ዕዳውን መደመር የሚቻልበት ስሌት አለ፤ አሜሪካዊው መሐንዲስ ማይነር በ1945 ያስተዋወቀው ነው። ግን ከባዱ ጭነት ቀድሞ ይምጣ ወይስ በኋላ ስለማይለይ፣ በእሱ ብቻ የሚተማመን መሐንዲስ ሊሳሳት ይችላል።

ብየዳንም ሳልጠየቅ ላንሳ፣ ጉዳዩ ያሳስበኛልና። ባሌስትራ በሙቀት ጠንክሮ የተሠራ ብረት ነው። የተሰበረውን መበየድ ከብየዳው ጎን ደረቅ ተሰባሪ ቀጠና፣ ትንሽ ራቅ ብሎ ደግሞ የላላ ቀጠና ይፈጥራል፤ የብየዳው ጠርዝ ራሱ አዲስ የስንጥቅ መነሻ ነው። መለወጥ ነው ያለበት። ሲለወጥም አብረውት የሠሩት ሌሎቹ ሉሆች ያንኑ ምልልስ ስለቆጠሩ፣ የመሃል ቡሎኑ ከተፈታ ዘንዳ ቀዳዳዎቻቸውን በናፍጣ አጥቦ ጠርዛቸውን በጥሩ ብርሃን መመርመር የደቂቃዎች ሥራ ነው።