የመኪና ለውጥን «ማሳወቅ» ምንድን ነው?

ኢንሹራንስ ሲገቡ ከሚሞሉት ቅጽ ላይ ብዙ ሰው ዘሏት የሚያልፋት ጥያቄ አለች፦ «መኪናው ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ የተለወጠ ነገር አለው?» አለው ካልኩ አረቦኑ፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ የምከፍለው ገንዘብ፣ ይወደድብኛል ብሎ የሚፈራ ሰው «የለም» ላይ ምልክት ያደርጋል። በዚያች ምልክት ግን የከፈለበትን ዋስትና ራሱ አደጋ ላይ ይጥለዋል።

ማሳወቅ ማለት መድን ሰጪው ዋጋ ለመተመን የሚያስፈልገውን እውነት መንገር ነው። መኪናውን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፤ እሱ የያዘው ቃልዎን ብቻ ነው። እንግሊዛዊው ዳኛ ሎርድ ማንስፊልድ እ.ኤ.አ. በ1766 በአንድ የምሽግ ኢንሹራንስ ክርክር ላይ ያብራሩት መርህ ይኸው ነው፤ ስሙም «ፍጹም ቅን ልቦና» ይባላል። ዛሬ ዝርዝሩ ከአገር አገር ይለያያል። አንዱ ሕግ ሳይጠየቁም ይናገሩ ይላል፤ ሌላው ለተጠየቁት በጥንቃቄ እውነቱን መመለስ ይበቃል ይላል።

ለውጥ ሲባል ቱርቦ ወይም የተቀየረ ሞተር ብቻ አይደለም። ሰፋ ያለ ቸርኬ፣ ያጠረ ሞላ፣ የተቀየረ ማርሚታ፣ ትልቅ ስፒከር፣ የተጨመረ የጋዝ ሲሊንደር፣ በኮምፒውተር ጉልበቱ የተጨመረለት ሞተር ሁሉ ይቆጠራል። ይደበቃል ብለው አይመኑ። አደጋ ሲደርስ ገማቹ ጎንበስ ብሎ ጎማው ላይ የታተመውን 225/45 የሚል ቁጥር ያነባል፤ ከዚያ በሹፌሩ በር ጠርዝ ላይ ከተለጠፈው የፋብሪካ መጠን ጋር ያስተያየዋል። ይኼ የደቂቃ ሥራ ነው። ካልተመሳሰለ ካሳው ሊቀነስ፣ ሊከለከል፣ ውሉም ሊፈርስ ይችላል።

አጥብቄ የምናገረው ግን የሚከተለውን ነው፦ ነገሩት ማለት ተሸፈነ ማለት አይደለም። መድን ሰጪው ቸርኬዎ መቀየሩን አውቆ ውሉን ሊያጸናልዎት ይችላል፤ ሲሰበር ግን የፋብሪካውን ዓይነት ብቻ ሊተካ ይችላል። ስለዚህ «ለውጡን ተቀብላችኋል?» ብለው አይብቃዎት፤ «ቢሰበር ወይም ቢሰረቅ የምትከፍሉት የየትኛውን ዋጋ ነው?» ብለው ይጠይቁ። መልሱም በቃል አይቅር፤ በኢንዶርስመንት፣ ማለትም ውሉን በሚያሻሽል ተጨማሪ ጽሑፍ፣ ከውሉ ጋር ይያያዝ። የተጨመረውንም ዕቃ ከመኪናው ዋጋ ጋር ደምረው ያስመዝግቡ። ውሉ የተመጣጣኝ ካሳ አንቀጽ ካለው፣ ማለትም ከእውነተኛው ዋጋ በታች ላስመዘገበ ሰው ካሳው በዚያው ልክ የሚቀንስ ከሆነ፣ 100 የሚያወጣውን በ80 ያስመዘገበ ሰው 10 ጉዳት ሲደርስበት የሚያገኘው 8 ነው።

ታዲያ አረቦኑ እንዴት ይርከስ? በመደበቅ ሳይሆን በመምረጥ። ከራስዎ ኪስ የሚሸፍኑትን የጉዳት ድርሻ ከፍ ማድረግ አረቦኑን ይቀንሳል፤ ግን ነገ አደጋ ቢደርስ አውጥተው መክፈል የሚችሉትን ያህል ብቻ ይሁን። በዓመት የሚነዱትን ርቀት በትክክል ይናገሩ። ዋጋ ሲያወዳድሩ ለሁሉም አንድ ዓይነት መረጃ ይስጡ፤ ለውጡን ያልነገሩት ድርጅት የሰጠዎት ርካሽ ዋጋ የሌላ መኪና ዋጋ ነው። ማንቂያ ደወልና መከታተያ መሣሪያም ለውጥ ናቸው፤ እነዚህ አንዳንዴ ቅናሽ ያስገኛሉ።

ደረሰኞችንና ፎቶዎችን ከመኪናው ውጭ ያስቀምጡ። የጨመሩትን ዕቃ ከፈቱትም ይንገሩ፤ ያለዚያ ለሌለ ዕቃ አረቦን ሲከፍሉ ይኖራሉ።