የደመወዝ ወለል ክርክር ከጎንደር ሲታይ

የደመወዝ ወለል ማለት አሠሪና ሠራተኛ ቢስማሙ እንኳ ከዚያ በታች ሊዋዋሉ የማይችሉበት፣ በሕግ የተቆረጠ ክፍያ ነው። ኢትዮጵያ ለግሉ ዘርፍ እንዲህ ያለ ወለል የላትም። ሌላው ዓለም «ስንት ይጨመር?» እያለ ሲሟገት እኛ ገና «ይኑር ወይስ ይቅር?» ላይ ነን። ሙግቱም አብዛኛውን ጊዜ የአዲስ አበባንና የሐዋሳን ፋብሪካዎች ያስባል። ጎንደር ደግሞ ሌላ ዓይነት የሥራ ገበያ ናት። ዩኒቨርሲቲውና የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ አለ፤ ቢራና ብቅል ፋብሪካ አለ፤ ሆቴሉ፣ ካፌው፣ የገበያ ንግዱ፣ የግንባታ የቀን ሥራው አለ፤ ወደ ምዕራብ ሲወረድ ደግሞ የመተማና የቋራ ሰሊጥ አለ። አንድ ቁጥር እነዚህን ሁሉ እኩል አይነካም።

ሕጉ በሩን ከፍቷል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 55 የመንግሥት፣ የአሠሪዎችና የሠራተኛ ማኅበራት ተወካዮች የሚገኙበት የደመወዝ ቦርድ እንዲኖር፣ ቦርዱም የአገሪቱን የኢኮኖሚ ዕድገትና የሥራ ገበያውን በጥናት እያየ ዝቅተኛውን ደመወዝ በየጊዜው እንዲከልስ ይላል። ሥልጣኑና ኃላፊነቱ ግን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ እንዲወሰን ተትቷል። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) ጥያቄውን ለዓመታት ሲያነሳ ኖሯል። በሌላ በኩል ርካሽ ጉልበት የውጭ ባለሀብት መሳቢያ ተደርጎ ሲቀርብ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክን አጥንተው የልብስ ስፌት ሠራተኛው መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ገደማ እንደሆነና በዓለም በዘርፉ ካዩት ሁሉ ዝቅተኛው እንደሆነ ጽፈዋል።

መንግሥት ለራሱ ሠራተኛ ግን ወለል አለው፤ ያውም በቅርቡ ሁለት ጊዜ ከፍ ብሏል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመንን ለገበያ ከለቀቀ በኋላ፣ 1,100 ብር የነበረው ዝቅተኛ ደመወዝ በ2017 ወደ 4,760 ብር፣ ከመስከረም 2018 ጀምሮ ደግሞ ወደ 6,000 ብር አደገ። ቁጥሩ በወረቀት ላይ እንዳለ እጅ አይገባም። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ ከ6,000 ብር ላይ 700 ብር ግብር፣ 7 በመቶ ማለትም 420 ብር ጡረታ ይቆረጣል፤ የሚቀረው 4,880 ብር ነው። በቀድሞው ስሌት ግብሩ ብቻ 935 ብር ይሆን ነበር። ከግብር ነፃ የሆነው ገቢ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ማለቱ ለዝቅተኛ ተከፋይ ከአሠሪው ኪስ ምንም ሳይወጣ የተገኘ ጭማሪ ነው። በወለሉ ክርክር ውስጥ ይህ ጉዳይ በቂ ቦታ አላገኘም ባይ ነኝ።

ዩኒቨርሲቲው፣ ሆስፒታሉና የከተማ አስተዳደሩ ዋና ቀጣሪ በሆኑበት ከተማ የመንግሥት እርከን የሁሉም መለኪያ መሆኑ አይቀርም። የግል ትምህርት ቤት መምህር፣ የክሊኒክ ነርስ፣ የሱቅ ሠራተኛ ደመወዙን የሚያነጻጽረው ከዚያ ጋር ነው። ክፍተቱ ጎልቶ የሚታየው ግን በጥበቃና በጽዳት ሥራ ነው። በቋሚነት በመንግሥት የተቀጠረ ጥበቃ 6,000 ብር ሲኖረው፣ ያንኑ ሥራ በኤጀንሲ በኩል የሚሠራው ሰው የሚተዳደረው በአዋጅ 1156 ነው፤ የሚያገኘውም ኤጀንሲው ጨረታውን ለማሸነፍ ካቀረበው ዋጋ የተረፈውን ነው። ሥራው በጨረታ የሚሰጥ ስለሆነ ወለሉን የጨረታ ሰነድ ውስጥ ማስገባት ምንም ቦርድ አይጠይቅም።

የአሠሪዎች ክርክር ከሁሉ የሚጠነክረው ሆቴል ላይ ነው። የጎንደር ሆቴል የሚያድረው በፋሲል ግቢና በጥምቀት ነው፤ በ2015 ክረምት የጀመረው ግጭት ጎብኚውን አርቆበታል። ባዶ አልጋ ይዞ ደመወዝ ጨምር የሚባል ባለሆቴል ሰው ቢቀንስ አይገርምም። በሌላ ወገን ደግሞ አስተናጋጇ ኑሮዋን የምትገፋው በጉርሻ እንጂ በደመወዟ አይደለም፤ ጉርሻው ከእንግዳው ጋር አብሮ ጠፍቷል። አዋጁ ከደንበኛ የሚሰበሰብ የአገልግሎት ክፍያን ከደመወዝ ትርጉም አውጥቶታል። ስለዚህ ወለል ቢወጣ «ጉርሻ ታገኛለች» የሚል መልስ በሕግ ዘንድ አያስኬድም። የሚጠበቀው ሽሽት ሌላ ነው፦ ዛሬ በነፃ የሚሰጠው ምሳና ማደሪያ ነገ ከደመወዝ ላይ ይቆረጣል። ደንቡ በዓይነት የሚሰጠውን ነገር በግልጽ ካልዳኘ ወለሉ በወጥ ቤት በኩል ይፈርሳል።

ሰሊጡ ዘንድ ነገሩ ይገለበጣል። በየክረምቱ ከበለሳ፣ ከጋይንትና ከሌላውም ደጋ ብዙ ወጣት ወደ መተማና ቋራ ቆላ ይወርዳል፤ ይህ ወቅታዊ ሠራተኛ በአካባቢው ሳሉግ ይባላል። መጀመሪያ አረም፣ ቀጥሎ አጨዳ። ሰሊጥ ሲደርስ ቀን አይሰጥም፤ ፍሬው ከቆባው ፈንድቶ መሬት ላይ ይረግፋል፣ ባለእርሻው በጥቂት ቀናት ውስጥ አሳጭዶ በሂላ፣ ማለትም ነዶውን አስደግፎ በክምር፣ ማቆም አለበት። ያን ሰሞን የሚደራደረው ሳሉጉ ነው። የቀን ዋጋ ጠዋትና ማታ ይለያያል፤ አንዱ እርሻ ከሌላው ሠራተኛ ያስኮበልላል። በአጨዳ ሰሞን የሚወጣ ወለል ማንንም አይጠቅምም፣ ዋጋው ቀድሞ ከላይ ነውና። በአረም ወቅት፣ ሰው በዝቶ ሥራ ሲያንስ፣ ያኔ ትርጉም ይኖረዋል።

ደግሞ የቆላው ዋጋ ከፍታ ንጹህ ትርፍ አይደለም። ወባው አለ። በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ካላ አዛር አለ፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚህ በሽታ የምርምርና የሕክምና ማዕከል ያቋቋመው ያለ ምክንያት አይደለም። ደላላው አለ፤ የመጓጓዣው አለ፤ ሥራው ካለቀ በኋላ ሒሳብ የሚያጓትተውም አለ።

ኢኮኖሚስቶች በጉዳዩ ላይ ከተለያዩ ቆይተዋል። የጥንቱ ትምህርት ዋጋው የተወደደ ጉልበት ፈላጊው ይቀንሳል ይላል። እ.ኤ.አ. በ1992 ኒው ጀርሲ ዝቅተኛውን የሰዓት ክፍያ ከ4.25 ወደ 5.05 ዶላር ስታሳድግ፣ ዴቪድ ካርድና አለን ክሩገር የፈጣን ምግብ ቤቶቿን ከጎረቤቷ ፔንሲልቬንያ ጋር አነጻጽረው የሥራ ቅነሳ እንዳላገኙ በ1994 አሳተሙ። ካርድ በ2021 ኖቤል ተሸልሟል። ማብራሪያው ጥቂት አሠሪ ባለበት ገበያ ደመወዝ መጀመሪያውኑ ከሚገባው በታች ስለሚሆን ጭማሪው ሥራ አያጠፋም የሚል ነው። ለጎንደር የኤጀንሲ ጥበቃ ይህ ማብራሪያ ይስማማል፤ ለካፌው ያጠራጥራል፤ ለሰሊጡ አጨዳ ጨርሶ አይሆንም። የፋብሪካው ቋሚ ሠራተኛ ደግሞ ማኅበር ኖሮት በኅብረት ስምምነት የሚደራደር ስለሆነ ከወለሉ በላይ ነው። የቤት ሠራተኛዋ፣ ምናልባት በከተማው ዝቅተኛው ተከፋይ፣ ከአዋጁ ወሰን ውጭ ናት፤ የትኛውም የቦርድ ቁጥር አይደርሳትም።

ከጎረቤት የሚቀዳ ልምድ አለ። ኬንያ በአብዛኛው በሠራተኞች ቀን የምታሳውቀውን ወለል በሥራ ዓይነትና በከተማ ደረጃ ትለያለች፤ የናይሮቢው ከትንሽ ከተማው ይበልጣል። ኡጋንዳ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1984 የቆረጠችውን 6,000 ሽልንግ ሳትከልስ ዋጋ ቢስ አድርጋዋለች። ለእኛ የኬንያው መንገድ ይሻላል፤ የቤት ኪራዩ የተለያየ ከተማ አንድ ቁጥር መሸከም የለበትም። የኡጋንዳው የሚያሳየው ደግሞ የክለሳው ጊዜ ከቁጥሩ እኩል በሕግ መታሰር እንዳለበት ነው።

ቁጥሩ ቢቆረጥ እንኳ ማስከበሪያው ጠባብ ነው። በ1156 መሠረት የደመወዝ ጥያቄ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። በጥቅምት አጭዶ ሒሳቡ የቀረበት ሳሉግ በኅዳር ደጋው ይመለሳል። ለአረም ዳግም መተማ ሲወርድ ሰኔ አልፏል፤ ክስ ቢያቀርብም ጊዜው ያለፈበት ነው።