የዕፅዋት ንጥሮችን በወባ ላይ መፈተሽ በኢትዮጵያ

ከመድኃኒት ዕፅዋት የሚወጣ ንጥር ወባን ይፈውስ እንደሆነ በቤተ ሙከራ መፈተሽ በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች፣ በተለይም በአዲስ አበባና በጎንደር የፋርማሲ ትምህርት ክፍሎች፣ ከተለመዱት የድኅረ ምረቃ የምርምር ርእሶች አንዱ ነው። እስካሁን ከተፈተሹት መካከል ብሳና፣ ክትክታ፣ ግዛዋና ግራዋ ይገኛሉ። ዕፁ የሚመረጠው ባብዛኛው የባህል ሐኪሞች ለንዳድ ይሰጡታል ከሚል የመስክ መረጃ በመነሣት ነው፤ ንዳድ ግን ከወባ ሌላ ብርቱ ትኩሳትንም ስለሚያመለክት፣ ለንዳድ የተባለ ቅጠል ሁሉ የወባ መድኃኒት ነው ማለት አይቻልም።

ዘርፉ ከዓለም ታሪክ ሁለት ምስክሮችን ይጠቅሳል፤ በ1820 እ.ኤ.አ. ከሲንኮና ቅርፊት የተለየውንና ስሙ ዛሬ በአማርኛ የማንኛውም እንክብል መጠሪያ የሆነውን ኪኒን፣ እንዲሁም በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቻይና አርቴሚሲያ አኑዋ ከተባለ ተክል የተገኘውን የወባ መድኃኒት አርቴሚሲኒን። ለኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ቅርብ የሆነው አብነት ግን እንዶድ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ፣ ልብስ በእንዶድ በሚታጠብበት ወንዝ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አስተውለው ዕፁን፣ በቀንድ አውጣ አማካይነት ለሚተላለፈው ለቢልሃርዚያ መከላከያነት አጥንተውታል። ይህ የወባ ጉዳይ ባይሆንም፣ ከሕዝብ ልማድ ተነሥቶ ወደ ቤተ ሙከራ መግባት እንደሚቻል በኩራት ይነሣል፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትም በስማቸው ይጠራል።

የአሠራሩ ሂደት ይበልጥ በዝርዝር የተመዘገበ ነው። የተሰበሰበው ቅጠል ወይም ሥር በዕፅዋት ባለሙያ ተለይቶ ናሙናው ይቀመጣል፤ ቀሪው ጥላ ሥር ደርቆ ይፈጫል፣ ብዙ ጊዜም በ80 በመቶ ሜታኖል ለ72 ሰዓት ተዘፍዝፎ ይጣራል፣ ፈሳሹም ተንኖ ደረቅ ንጥር ይቀራል። ለደኅንነት ፍተሻ ለነጭ አይጦች በኪሎ ግራም ክብደት እስከ 2,000 ሚሊ ግራም ተሰጥቶ ለ14 ቀናት ይታያሉ። ቀጥሎ የሚመጣው የአራት ቀን ሙከራ፣ በ1948 እ.ኤ.አ. ኮንጎ ውስጥ በተገኘው የአይጥ ወባ ተሐዋሲ በፕላዝሞዲየም በርጌ ይካሄዳል። እያንዳንዱ አይጥ 10 ሚሊዮን ያህል የተጠቁ ቀይ የደም ሕዋሳት ይወጋል፤ አንዱ ምድብ የታወቀውን የወባ መድኃኒት ክሎሮኪን፣ አንዱ ንጥሩ የሚሟሟበትን ፈሳሽ ብቻ፣ ሌሎቹ ንጥሩን በተለያየ መጠን ለአራት ቀናት ይወስዳሉ። በማግስቱ ከጭራ የተወሰደ ደም በጂምሳ ቀለም ተነክሮ የተሐዋሲው ቁጥር በማይክሮስኮፕ ይቆጠራል። ራኔ በተባለው ሌላ ሙከራ ሕክምናው የሚጀመረው ሕመሙ ከጸና በኋላ ነው፤ በመከላከያው ሙከራ ደግሞ ንጥሩ አይጡ ተሐዋሲውን ከመወጋቱ አስቀድሞ ይሰጣል።

ተሐዋሲውን ቢያንስ በ30 በመቶ የገታ ንጥር ብዙውን ጊዜ ኃይል አለው ይባላል፤ ይህ መለኪያ፣ በዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ እይታ፣ ለጋስ ነው። ጥሬ ንጥሮች በአብዛኛው ክሎሮኪንን አይስተካከሉም፤ ፕላዝሞዲየም በርጌም ሰውን አይይዝም፣ በኢትዮጵያ የሚበዙት የሰው ወባ ተሐዋስያን ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ ናቸውና። ብዙው ጥናት ንጥሩን በክሎሮፎርምና በውኃ ከፋፍሎ ይቆማል፤ ፈዋሹን ውሑድ ነጥሎ እስከ ሰው ሙከራ የሚያደርሰው ጉዞ ብዙ ገንዘብና ረጅም ጊዜ ይጠይቃል።

በወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከል የተላመደው አርቴሚሲያ አኑዋ ለብቻው ይታያል። የአርቴሚሲኒን ተዋጽኦ ያለበት አርቴሜተር ሉሜፋንትሪን ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገሪቱ የፋልሲፓረም ወባ ቀዳሚ መድኃኒት ሆኖ ሳለ፣ ቅጠሉን እንደ ሻይ አፍልቶ መጠጣት የሚደግፉ አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ግን የፈዋሹ ውሑድ መጠን ከቅጠል ቅጠል ስለሚለያይና በቂ ያልሆነ መጠን ተሐዋሲውን ለመድኃኒቱ ሊያለማምደው ስለሚችል ይህን አይመክርም፤ በሰሜን ኢትዮጵያም ከአርቴሚሲኒን መቋቋም ጋር የተያያዘ የዘረ መል ለውጥ ታይቷል።