ፍልስፍና ምንድን ነው? አባባል አይደለም

ሰሞኑን በቴሌግራም አንድ ምስል ደረሰኝ። ጺማም የድንጋይ ሐውልት፣ ከጎኑ ስለ ትዳር የሚመክር አንድ መስመር፣ ከሥር «ሶቅራጥስ» የሚል ስም። ሶቅራጥስ እኮ ጽፎ የተወልን ነገር የለም። ይሁን፣ ይህን ለምጄዋለሁ። ያንገበገበኝ ከምስሉ በታች የሰፈረው አስተያየት ነው። «ፍልስፍና ማለት የግል አመለካከት ነው። ታሌስ ዓለም ውሃ ነች አለ፣ ሌላው አየር ነች አለ። ሁሉም የመሰለውን ተናገረ።»

ወዳጄ፣ እንደሱ አይደለም።

«የጥበብ ፍቅር» የሚለውን የቃሉን ፍቺ ሁሉም ስለሚያውቀው አልደግመውም። ብዙም አይረዳም። «ጥበብ» ብለን የምንተረጉመው የግሪኩ ቃል «ሶፊያ» ራሱ በጥንቱ የግሪክ ባለቅኔ በሆሜር «ኢሊያድ» ውስጥ አንዴ ብቻ ነው የሚገኘው። እዚያም የሚያወራው ስለ አናጢ ሙያ ነው። እኛም ብንሆን የነጠላውን ጠርዝ «ጥበብ» እንላለን።

ወደ ጥንቱ ግሪካዊ ፈላስፋ ወደ ታሌስ ልመለስ። አገሩ ሚሊጢን ናት፣ ጳውሎስ የኤፌሶንን ሽማግሌዎች ያስጠራባት ከተማ። ዛሬ ፍርስራሿ ቱርክ ውስጥ ነው። ወደቧን ወንዝ ያመጣው ደለል ስለሞላው ባሕሩ ርቋታል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው ክፍለ ዘመን ሦስት ሰዎች ከዚህች ከተማ ተነሡ፦ ታሌስ፣ አናክሲማንደር፣ አናክሲሜነስ። (ታሌስ የ585ቱን የፀሐይ ግርዶሽ ቀድሞ ተናግሯል የሚለውን ወሬ በጥንቃቄ ያዙት።)

አሁን ድሮ ዛፍ ሥር ይካሄድ የነበረውን «በላ ልበልሃ» አስቡ። እዚያ «መሰለኝ» ብሎ የሚረታ ሰው የለም። የተናገርከውን ባላጋራህ ይይዝብሃል። ታሌስ ቃሉን ሰጠ፦ የሁሉ ነገር መነሻ ውሃ ነው፣ ምድርም እንደ ግንድ ውሃ ላይ ተንሳፍፋለች። አናክሲማንደር በላ ልበልሃ ብሎ ተነሣ። ውሃና እሳት ጠላት ናቸው። አንደኛው ወሰን የሌለው ቢሆን ኖሮ ሌላውን ገና ድሮ ባጠፋው ነበር። ስለዚህ መነሻው ውሃም እሳትም ያልሆነ፣ ወሰን የሌለው ነገር መሆን አለበት። ምድርስ? ምንም አልተሸከማትም። ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ስለራቀች ወደ አንዱ የምታጋድልበት ምክንያት የላትም። ይህን ክርክር ቆም ብላችሁ እዩት። «ምክንያት የለም» የሚለውን ራሱን ምክንያት አድርጎ አቀረበው!

አናክሲሜነስ ሦስተኛ ሆኖ ገባ። አየር ነው አለ። ግን ባዶ እጁን አልመጣም፣ እማኝ ይዞ መጣ። እማኙ የእናንተው አፍ ነው። ከንፈራችሁን አጥብባችሁ መዳፋችሁ ላይ እፍ በሉ። ይቀዘቅዛል። አፋችሁን ከፍታችሁ «ሃ» በሉበት። ይሞቃል። ትኩስ ሻይ የምናበርድበትና በብርድ እጃችንን የምናሞቅበት እስትንፋስ አንድ ነው። እንግዲህ አለ፣ አየር ሲታመቅ ይቀዘቅዛል፣ ሲላላ ይሞቃል። በጣም ሲላላ እሳት ይሆናል። ሲታመቅ ንፋስ፣ ደመና፣ ውሃ፣ አፈር፣ በመጨረሻም ድንጋይ።

ምክንያቱን ስቷል። ከጠባብ ከንፈር የሚወጣ ትንፋሽ በዙሪያው ያለውን ቀዝቃዛ አየር እየጎተተ ስለሚሄድ ነው መዳፋችን የሚቀዘቅዘው። ግን መሳሳቱን ያወቅነው ሌላ ሰው ሊፈትሸው በሚችል መንገድ ስለተናገረ ነው። «የግል አመለካከት» እንዲህ ሊረታ አይችልም። እኔ ፍልስፍና የምለው ይህን ነው፦ መልሱን ሳይሆን፣ ለመልሱ የቀረበውን ምክንያትና ያ ምክንያት የተሞገተበትን መንገድ።

ምሳሌዬ የሚሰበርበት ቦታም አለ። በላ ልበልሃ ዳኛ አለው፣ ነገሩም በፍርድ ያልቃል። የእነዚህ ሰዎች ሙግት ዳኛ አልነበረውም። ፊት ለፊት ስለመከራከራቸውም ማስረጃ የለንም። መምህርና ደቀ መዝሙር እያሉ በሰልፍ የደረደሯቸው በኋላ የመጡ ጸሐፊዎች ናቸው። የእስትንፋሱን ነገር የምናገኘው ከግሪካዊው ጸሐፊ ከፕሉታርክ ነው፣ እሱም ከ600 ዓመት በኋላ የኖረ ሰው ነው። በእኛ ሙያ «ታሌስ እንዲህ አለ» ማለት ብዙ ጊዜ «አርስቶትል ታሌስ እንዲህ ሳይል አይቀርም አለ» ማለት ነው።

እርግጥ ጥፋቱ የቴሌግራም ብቻ አይደለም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው «መጽሐፈ ፈላስፋ» በሶቅራጥስና በፕላቶ ስም በሚነገሩ ምክሮችና አባባሎች የተሞላ ነው። መጽሐፉን እወደዋለሁ። ግን ፈላስፎቹ ወደ እኛ ሲመጡ ሙግታቸውን መንገድ ላይ ጥለው፣ ምክራቸውን ብቻ ይዘው ነው የገቡት።

ለዚያ አስተያየት ሰጪ ይህን ሁሉ አልጻፍኩለትም። ስለ እስትንፋሱ ብቻ ነግሬ «እስቲ መዳፍህ ላይ ሞክረው» አልኩት። «እሱ ያንተ አመለካከት ነው» ብሎ መለሰልኝ።