ፕሮግረሲቭ ሮክ ምንድን ነው? የሸክላን አንድ ገጽ የሚሞላ ሙዚቃ

ፕሮግረሲቭ ሮክ በ1960ዎቹ መጨረሻ በእንግሊዝ አገር የተወለደ የሮክ ሙዚቃ ዘርፍ ሲሆን፣ ጊታርን፣ ቤዝን፣ ድራምንና ኪቦርድን ይዞ፣ ከሦስትና ከአራት ደቂቃ ዘፈን አልፎ በበርካታ ክፍሎች የተዋቀረ ረጅም ድርሰት ለመሥራት የተነሣ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አድናቂዎቹ ባጭሩ «ፕሮግ» ይሉታል። ስሙ ሲጠራ ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስታውሰው የጊታሪስቶቹን የጣት ፍጥነት፣ ለመቁጠር የሚያስቸግረውን ምት፣ መድረክ ላይ የሚለበሰውን ካባና በአልበም ሽፋኖቹ ላይ የሚታየውን የሕልም ዓለም ሥዕል ነው። እነዚህ ሁሉ በእርግጥ አሉበት። እኔ ግን ዘርፉን ከሌላው ሮክ የሚለየው ዕቅዱ ነው እላለሁ፦ መጀመሪያ ላይ ለአፍታ የተሰማች አጭር ዜማ ከዐሥር ወይም ከዐሥራ አምስት ደቂቃ በኋላ በሌላ መሣሪያና በሌላ ፍጥነት ተመልሳ ስትመጣ፣ አድማጩ እንዲያውቃትና ዓይነ ውሃዋ መለወጡንም እንዲያስተውል አድርጎ መሥራት።

እንዲህ ያለው ዕቅድ ቦታ ይፈልጋል። ቦታውን የሰጠው በደቂቃ 33 ጊዜ የሚዞረው ትልቁ ሸክላ ነው፤ አንዱ ገጹ ከ20 ደቂቃ በላይ ሙዚቃ ይይዛል። ቢትልስ በ1967 ባወጡት «ሳርጀንት ፔፐርስ» አልበም፣ አልበም ማለት የነጠላ ዘፈኖች ጥርቅም ብቻ ሳይሆን ከዳር እስከ ዳር አንድ ሆኖ የሚደመጥ ሥራ ሊሆን እንደሚችል አሳይተው ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሙዲ ብሉዝ የተባለው ባንድ ከኦርኬስትራ ጋር ተጣምሮ የአንድን ቀን ውሎ ከንጋት እስከ ሌሊት የሚከተል አልበም አወጣ። ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ኪንግ ክሪምሰን ነው። በጁላይ 5 ቀን 1969 ለንደን በሚገኘው ሃይድ ፓርክ ሮሊንግ ስቶንስን ለማየት በተሰበሰበው እጅግ ብዙ ሕዝብ ፊት በመክፈቻ ባንድነት ተጫወተ፤ ኦክቶበር 10 ቀን ደግሞ የመጀመሪያ አልበሙን አወጣ። ብዙ የሙዚቃ ጸሐፊዎች ፕሮግረሲቭ ሮክ ሙሉ መልኩን ይዞ የታየው በዚህ አልበም ነው ይላሉ፤ እኔም እስማማለሁ።

ያ 1969 ለአዲስ አበባም ታላቅ ዓመት ነበር። አምሃ እሸቴ ሸክላ የማሳተም መብት በመንግሥት እጅ በነበረበት ጊዜ ደፍሮ አምሃ ሬከርድስን ያቋቋመው በዚያው ዓመት ነው። የእኛ የዚያ ዘመን ሙዚቃ በአብዛኛው የወጣው ግን በ45 ዙሩ ትንሽ ሸክላ ላይ ስለነበር፣ አቀናባሪዎቻችን መግቢያውን፣ የሳክስፎኑን ሶሎና አዝማቹን ሁሉ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መጨረስ ነበረባቸው። ያንን ጥበብ ማቃለል አይገባም፤ እንዲያውም ከእንግሊዞቹ አንዳንዶቹ ቢማሩት ይጠቅማቸው ነበር። ለማለት የተፈለገው የዕቃው መጠን የሙዚቃውን ቅርፅ ምን ያህል እንደሚወስን ነው።

ረጅም ድርሰት እንዴት እንደሚቆም ለማየት «የስ» የተባለው ባንድ በሴፕቴምበር 1972 ባወጣው «ክሎዝ ቱ ዘ ኤጅ» አልበም ላይ የሚገኘውን፣ የሸክላውን አንድ ገጽ ሙሉ የያዘውን የ18 ደቂቃ ሥራ ቀረብ ብሎ መስማት ይበቃል። ሥራው በወፎች ዝማሬና በሚፈስ ውሃ ድምፅ ይጀምራል። ከዚያ ጊታር፣ ቤዝ፣ ኪቦርድና ድራም እርስ በርስ የሚጣሉ እስኪመስል ድረስ በአንድ ጊዜ ይፈነዳሉ፤ በመካከሉ የድምፃውያኑ አጭር ጩኸት ድንገት እየገባ ሁሉንም ቀጥ ያደርጋቸዋል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው ስልኩ የተበላሸ ቢመስለው አይፈረድበትም። ትርምሱ ሲረግብ ጊታሩ ዋናውን ዜማ በግልጽ ያሰማል፤ ጆን አንደርሰንም መዝፈን ይጀምራል። ሦስተኛው ክፍል ላይ ፍጥነቱ ፈጽሞ ይወርድና ድምፆች እየተቀባበሉ ሲንሳፈፉ፣ ሪክ ዌክማን የቤተ ክርስቲያን ትልቅ ኦርጋን ይዞ ይገባል። መጨረሻው ላይ የመጀመሪያው ክፍል ግጥምና ዜማ መነሻ ድምፁ ከፍ ብሎ፣ ድምፁም ሰፍቶ ይመለሳል፤ ወፎቹና ውሃውም እንደገና ይሰማሉ። የመጨረሻው ክፍል ኃይሉን የሚያገኘው ከፊቱ ባለፈው ዝግታ ነው፤ ሦስተኛውን ክፍል ዘሎ ወደ መጨረሻው የሚሄድ ሰው የሚሰማው ጥሩ ዘፈን ብቻ ነው።

በአራዳ ጊዮርጊስ ማኅሌት ቆሞ ያደረ ሰው ለዚህ ዓይነቱ አካሄድ እንግዳ አይደለም። ያው ዜማ መጀመሪያ ያለ ከበሮ በቁም ይባላል፣ ቀጥሎ በመቋሚያ ይዘመማል፣ ከበሮውና ጸናጽሉ ገብቶ ይረገዳል፣ በመጨረሻም በጭብጨባ እየፈጠነ ይጸፋል። አንዱ ጸሎት፣ ሌላው የመድረክ ሙዚቃ ስለሆነ ዓላማቸው በምንም አይገናኝም። ነገር ግን የጽፋቱ ደስታ ከቁሙ ትዕግሥት እንደሚመጣ የሚያውቅ ጆሮ፣ ረጅም የሮክ ድርሰት «መቼ ነው የሚጀምረው?» ብሎ አያቋርጥም። እኔ በግሌ ይህን የ«የስ» ሥራ የማደምጠው ከፒያሳ ወደ ለገሃር በታክሲ ስወርድ ነው፤ ቸርችል ጎዳና በመጠኑ ከተጨናነቀ ወፎቹ ተመልሰው የሚመጡት ለገሃር ስንደርስ ነው፤ መንገዱ ክፍት በሆነ ቀን ግን ኦርጋኑ ላይ መውረድ ግድ ይሆናል።

ከዕቅዱ ቀጥሎ የሚነሣው የምት ጉዳይ ነው። አብዛኛው ሮክ በአራት በአራት ይቆጠራል። ፕሮግ ግን አምስት፣ ሰባት፣ ዘጠኝ፣ አልፎ ተርፎም ዐሥራ ሦስት ምት ያለው ዙር ይወዳል። በጣም የታወቀው ምሳሌ ፒንክ ፍሎይድ በ1973 ባወጣው «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦቭ ዘ ሙን» አልበም ላይ ያለው ስለ ገንዘብ የሚያወራው ዘፈን ነው። መግቢያው ላይ ሳንቲም ሲንኳኳ፣ ወረቀት ሲቀደድና የሱቅ ገንዘብ መመዝገቢያ ማሽን ሲከፈት ይሰማል። እነዚህ ድምፆች በቴፕ ክር ተቀድተው፣ ክሩ በልክ በልኩ ተቆርጦና ተቀጣጥሎ እንደ ቀለበት ሳያቋርጥ እንዲዞር የተደረገ ነው፤ ቁርጥራጮቹ ሰባት ስለሆኑ ዙሩም ሰባት ምት ሆነ። ቤዝ ጊታሩ በዚያው በሰባት ይገባል፣ ሳክስፎኑም ሶሎውን በሰባት ይጫወታል። የጊታሩ ሶሎ ሲደርስ ግን ባንዱ ድንገት ወደ አራት ይቀየራል፤ አድማጩ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ሰውነቱ ይፍታታል፣ ሙዚቃው ወደ ፊት የሚሮጥ ይመስለዋል። ያልተለመደ ምት ትርጉም የሚኖረው እንዲህ ሥራ ሲሠራ ነው። ለመታየት ብቻ የሚቆጠር ሰባት፣ ከፕሮግ አድናቂዎች መካከል እንኳ ብዙ ጊዜ ያሰለቻል።

የእኛ ጆሮ እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ጠባይ አለው። ችክችካን እየሰማ ያደገ ሰው ስድስቱን ምት አንድ ጊዜ ሁለት ቦታ፣ አንድ ጊዜ ሦስት ቦታ ከፍሎ መስማት ይችላል፤ እግሩ በአንዱ፣ ትከሻው በሌላው ቢሄድ አይደናገርም። ሰባት ላይ ሲደርስ ግን ስምንተኛዋን ምት እየጠበቀ ይቀራል። መፍትሔው በጣት መቁጠር ሳይሆን የቤዙን ዜማ አብሮ ማንጎራጎር ነው፤ ዜማው ራሱ የት እንደሚያልቅ ይነግራል።

ስለ መሣሪያዎቹ ብዙ ማለት ይቻላል፤ አንዱን ብቻ ላንሣ። ሜሎትሮን ኪቦርድ ነው፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር የቫዮሊን፣ የፍሉት ወይም የመዘምራን ድምፅ የተቀዳበት የቴፕ ክር አለው። ቁልፉ ሲጫን ክሩ ይጫወታል፤ ስምንት ሰከንድ ያህል ከሄደ በኋላ ያልቅና ተጫዋቹ ጣቱን አንሥቶ ክሩ እስኪመለስ መጠበቅ አለበት። በኪንግ ክሪምሰን የመጀመሪያ አልበም ላይ ሰማይ የሚሞላ የሚመስለው የቫዮሊን ድምፅ ከዚህ ሣጥን የወጣ ነው። መሣሪያው ግን ሙቀትና ቅዝቃዜ አይወድም፣ የኤሌክትሪክ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥርም ድምፁ አብሮ ይዋዥቃል፤ በአዲስ አበባ መብራት ቢሠራ ኖሮ አምስተኛ ቅኝት ሳይፈጥርልን አይቀርም ነበር።

የፕሮግ አድናቂ ባንድ ብቻ አይወድም፤ በየትኛው አልበም ላይ ማን ምን እንደተጫወተ ይከታተላል። ምክንያቱም አንድ ሰው ሲቀየር ሙዚቃው በእርግጥ ይቀየራል። ድራመሩ ቢል ብሩፎርድ ከላይ የተነተንነው የ«የስ» አልበም ተቀድቶ እንዳለቀ፣ ባንዱ በዝናው ጫፍ ላይ ሳለ ጥሎ ወደ ኪንግ ክሪምሰን ሄደ። ኪንግ ክሪምሰንን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይዞ የዘለቀው ጊታሪስቱ ሮበርት ፍሪፕ ብቻ ነው፤ ሌላው ጊታሪስት መድረክ ላይ ሲዘል እርሱ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይጫወታል። ለኢትዮጵያውያን አንባብያን ከሁሉም የሚቀርበው ግን ፊል ኮሊንስ ሳይሆን አይቀርም። በ1984 ለአገራችን ድርቅ ገንዘብ ለማሰባሰብ በተቀዳው የባንድ ኤይድ ሸክላ ላይ ድራሙን የመታው እርሱ ነው። በጁላይ 13 ቀን 1985 በላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ዕለት ለንደን ከተጫወተ በኋላ በኮንኮርድ አውሮፕላን አትላንቲክን ተሻግሮ ፊላዴልፊያም ላይ የተጫወተው እርሱው ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው ለስላሳ የፍቅር ዘፈኖቹን ነው፤ ነገር ግን ኮሊንስ ከ1970 ጀምሮ የጀነሲስ ድራመር ነበር፣ ፒተር ጋብሪኤል በ1975 ባንዱን ሲለቅ ደግሞ ዘፋኝነቱን ወረሰ። በ1972ቱ «ፎክስትሮት» አልበም መጨረሻ ላይ ባለው የ23 ደቂቃ ገደማ ሥራ ውስጥ ባንዱ በዘጠኝ ምት የሚሄድበት ክፍል አለ፤ ቶኒ ባንክስ ኦርጋኑን ዘጠኙን እንዳልሰማ ሆኖ በላዩ ላይ ሲያስኬደው፣ ኮሊንስ ከሥር ሁለቱን አስታርቆ ይይዛል። የኮሊንስን የድራም ችሎታ ለሚጠራጠር ሰው የማስደምጠው ይህንን ነው።

የዘርፉ ተቃዋሚዎች የሚሉትም መሠረት የሌለው አይደለም። «የስ» በ1973 ሁለት ሸክላ አውጥቶ በአራቱ ገጽ ላይ አራት ሥራ ብቻ አደረገ፤ ከአራቱ መካከል ቢያንስ አንዱ በግማሽ ማጠር ይችል እንደነበር እኔም አምናለሁ፤ ዌክማን ራሱም ሥራውን ስላልወደደው ባንዱን ለቀቀ። እርሱ ደግሞ በተራው በ1975 ስለ ንጉሥ አርተር የሠራውን ድርሰት ዌምብሌ ላይ፣ በረዶ ላይ በሚንሸራተቱ ተጫዋቾች ታጅቦ አቀረበ። ፓንክ የተባለው አጭርና ቀጥተኛ የሮክ ዘርፍ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የፓንክ ባንዱ የሴክስ ፒስቶልስ ዘፋኝ ጆኒ ሮተን «እጠላለሁ» የሚል ቃል በፒንክ ፍሎይድ ስም ላይ የጨመረበትን ቲሸርት ለብሶ ይታይ ነበር፤ ከ1977 በኋላ ረጅም ድርሰት ማቅረብ እንደ ነውር ተቆጠረ።

ዘርፉ ግን አልሞተም። የካናዳው ረሽ በ1976 የሸክላ አንድ ገጽ የሞላ ሥራ አውጥቶ ታዋቂነቱን ያጸናው ፓንክ በሚነሣበት ጊዜ ነበር። ይኸው ባንድ በ1981 ባወጣው አልበም ላይ የቶሮንቶ አውሮፕላን ማረፊያን መለያ ፊደላት በሞርስ ኮድ አስመትቶ ከነጥቡና ከሰረዙ የዘፈን መግቢያ ሠርቷል። ድሪም ቲያትርን በ1985 የመሠረቱት ሦስት ወጣቶች የቦስተኑ በርክሊ ተማሪዎች ነበሩ፤ ሙላቱ አስታጥቄ ከእነርሱ ብዙ ቀደም ብሎ የተማረበት ትምህርት ቤት መሆኑ ነው። በእኛ አገር ጃኖ ባንድ ቅኝቶቻችንን ከከባድ ጊታር ጋር አዋሕዶ የመጀመሪያ አልበሙን በቢል ላስዌል ፕሮዲውሰርነት ሠርቷል። እርሱን ፕሮግረሲቭ ሮክ ለማለት ግን አልደፍርም፤ ዘፈኖቹ እንደ ዘፈን የቆሙ ናቸው፣ ረጅሙ ዕቅድ የለባቸውም። አንቺሆዬን ወይም አምባሰልን ለ20 ደቂቃ በክፍል በክፍል የሚያስኬድ ባንድ ቢመጣ ግን የመጀመሪያውን ትኬት ለመግዛት ዝግጁ ነኝ።

አሁን መስማት ለሚፈልግ ሰው በረጅሙ መጀመር አያስፈልግም። ኪንግ ክሪምሰን በ1974 ባወጣው «ሬድ» አልበም መጨረሻ ላይ ያለው «ስታርለስ» 12 ደቂቃ ብቻ ነው። ሜሎትሮንና ጊታር አንድ የሐዘን ዜማ ያሰማሉ፣ ጆን ዌተን ይዘፍናል። ከዚያ ዘፈኑ ይቆምና ቤዙ በዐሥራ ሦስት ምት መመላለስ ይጀምራል፤ ፍሪፕ አንድ ኖታ እየደጋገመ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይወጣል፣ ብሩፎርድ ከሥሩ ጥቂት በጥቂት ይጨምራል። ይህ ለደቂቃዎች ይቀጥላል፤ አድማጩ የሚፈተነውም እዚህ ላይ ነው። ፍጥነቱ ሲፈነዳ፣ ያ የመጀመሪያው ዜማ መጀመሪያ ፈጥኖ በሳክስፎን፣ ኋላም በሙሉ ባንድ ይመለሳል። በጆሮ ማዳመጫ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ሳያቋርጡ መስማት ይመከራል፤ ምቱን መቁጠር ለሁለተኛው ጊዜ ይቆይ።